ዶስቦክስ «ፎልደሩ የለም» ሲላችሁ፦ የፓዝ ችግርን ከስሩ መፍቻ ዝርዝር መመሪያ

ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባሉት ቢሮዎች ውስጥ እስካሁን በዶስ ዘመን፣ ማለት ከዊንዶውስ በፊት በነበረው የኮምፒውተር ሲስተም ጊዜ፣ የተሰራ ፕሮግራም የሚያስፈልገው ሰው ሞልቷል። አንዱ ፎክስፕሮ በሚባለው የድሮ ዳታቤዝ የተሰራ የስቶክ ፕሮግራም አለው፣ ሌላው ላይብረሪ ውስጥ ሲዲኤስ አይሲስ በሚባለው የላይብረሪ ፕሮግራም ላይ የተመዘገበ ካታሎግ አለው፣ ተማሪው ደሞ ተርቦ ሲ ፕላስ ፕላስ በሚባለው የድሮ ኮድ መጻፊያ ላይ ስራ ተብሎ አሳይመንት ተሰጥቶታል። 64 ቢት ዊንዶውስ እነዚህን የድሮ 16 ቢት ፕሮግራሞች በጭራሽ አይከፍትም፣ ዊንዶውስ 11 ደሞ ከነጭራሹ 64 ቢት ብቻ ነው፣ ስለዚ ሰው ሁሉ መጨረሻው ዶስቦክስ ጋር ይደርሳል። ዶስቦክስ አዲስ ኮምፒውተር ላይ የድሮውን ዶስ አስመስሎ የሚያስነሳ ፕሮግራም ነው፣ ነጻ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ኢንስቶል ማድረጉ ምንም አያስቸግርም። ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተወው ከዛ በኋላ ያለው ላይ ነው፣ ፓዙ ላይ፣ ማለት የፎልደሩ አድራሻ ላይ።

አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሂሳብ የሰሩ ትልቅ ሰው ይሄንኑ አሳይተውኛል። «እስቲ ና እየው፣ ፎልደሩ ይኸው በአይኔ እያየሁት ነው፣ ይሄ ደግሞ የለም ይለኛል!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ፎልደሩ አለ። ዶስቦክሱም ግን አልዋሸም። «ጋሼ፣ እርስዎ የሚያዩት በዊንዶውስ በኩል ነው፣ እሱ የሚያየው ደሞ በራሱ በኩል ነው፣ ገና ከፎልደሩ ጋር አላስተዋወቁትም» አልኳቸው።

የዚህ ጽሁፍ ነገር ሁሉ እዚች ላይ ነው ያለው። አንድ ፎልደር ሁለት አድራሻ አለው፣ አንዱ የውጪ አድራሻ ነው ዊንዶውስ የሚያውቀው፣ ሁለተኛው የውስጥ አድራሻ ነው ዶስቦክስና አሮጌው ፕሮግራም የሚያውቁት። ልክ እንደ ሰፈራችን ቤት ነው፣ ወረዳው በቤት ቁጥር ያውቀዋል፣ ጎረቤት ደሞ «ከፋርማሲው ጀርባ» ብሎ ነው የሚያውቀው፣ ቤቱ ያው አንድ ነው። ስህተት ሲመጣባችሁ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ «ይሄ መልእክት ስለ የትኛው አድራሻ ነው የሚያወራው?» ብላችሁ ነው፣ ይሄን ከለያችሁ ግማሹን ጨረሳችሁ ማለት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ኮማንዶቹን እዚህ እንደሚነበቡ ነው የምጽፋቸው፣ እናንተ ስትጽፏቸው ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ሲ እና ዲ የምላቸው የድራይቭ ፊደሎች ናቸው።

መጀመሪያ ቦታውን አስተካክሉ

ዶስቦክስን ከመክፈታችሁ በፊት ፕሮግራሙ የሚቀመጥበትን ቦታ ምረጡ፣ እዚህ ላይ የምታጠፉት ትንሽ ጊዜ በኋላ ብዙ ራስ ምታት ያስቀራል። እኔ የምመክረው ዲ ድራይቭ ካላችሁ እዛ ላይ፣ ከሌላችሁ የዊንዶውስ ሲ ላይ፣ ዶስ የሚል አንድ ፎልደር ክፈቱ፣ ሶስት የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ፣ ስፔስ የለው ምን የለው። የድሮ ፕሮግራሞቻችሁን ሁሉ እያንዳንዳቸውን በየራሳቸው ፎልደር እዛ ውስጥ አስገቡ።

ዴስክቶፕ ላይ አታስቀምጡት። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ዋንድራይቭ የሚባለው የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ፋይል ማስቀመጫ ዴስክቶፑንና ዶክመንቱን ወደራሱ ፎልደር ይወስደዋል፣ እናንተ «ዩዘርስ፣ ስሜ፣ ዴስክቶፕ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ እውነተኛው ፓዝ ግን መሀሉ ላይ ዋንድራይቭ የሚል ፎልደር አለበት፣ ከዛ የለም ይላችኋል። ፋይሎቹም አንዳንዴ ኢንተርኔት ላይ ብቻ ሆነው ኮምፒውተሩ ላይ ስማቸው ብቻ ነው የሚቀረው፣ ኔትወርክ በጠፋ ሰአት ደሞ አይከፈቱም። ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥም አታስገቡት፣ ዊንዶውስ እዛ ውስጥ እንዲሁ መጻፍ አይፈቅድም፣ ፕሮግራሙ ይከፈትና ሴቭ ሲያደርግ ነው የሚያስቸግራችሁ።

የፎልደር ስም በአማርኛ መጻፍ ደሞ ለኛ ሰው የተለየ ወጥመድ ነው። ዊንዶውስ ላይ «የድሮ ፕሮግራም» ብላችሁ ፎልደር ብትሰይሙ ምንም አይልም፣ ምክንያቱም ዊንዶውስ ዩኒኮድ የሚባለውን የአለም ፊደሎች መመዝገቢያ ያውቃል፣ የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ3.0 ቨርዥን ገብቷል። ተራው ዶስቦክስ 0.74 ግን በቆየው የዊንዶውስ ኮድ ፔጅ፣ ማለት በትንሽ የፊደል ሰንጠረዥ፣ ነው የፋይል ስም የሚያነበው፣ በዛ ኮድ ፔጅ ውስጥ ደሞ የግእዝ ፊደል ቦታ የለውም፣ ስለዚ ስሙን የጥያቄ ምልክት አድርጎት ይቀራል። መሀል ላይ ያለ አንድ ፎልደር ብቻ እንኳ በአማርኛ ከተሰየመ ከሱ ስር ያለው ሁሉ አይደረስበትም። ይሄ የዊንዶውስ ዩዘር ስማችሁንም ይጨምራል፣ ኮምፒውተሩን ስትከፍቱት ስማችሁን በአማርኛ አስገብታችሁ ከሆነ የዩዘር ፎልደራችሁ በሙሉ ለዶስቦክስ ዝግ ነው። መፍትሄው ስም መቀየር አይደለም፣ ፕሮግራሙን ከዩዘር ፎልደር አውጥታችሁ ቅድም ያልኳችሁ አጭር ፎልደር ውስጥ ማስገባት ነው።

ፕሮግራሙ የመጣው በፍላሽ ከሆነ ፍላሹ ላይ እያለ አትክፈቱት፣ መጀመሪያ ኮፒ አድርጉ። የፍላሽ ድራይቭ ፊደል በሰካችሁት ቁጥር ሊቀየር ይችላል፣ ትላንት ኢ የነበረው ዛሬ ኤፍ ይሆናል፣ ፓዛችሁም አብሮ ይበላሻል። እዚህ ከተማ ደሞ ከፎቶ ኮፒ ቤት ከኢንተርኔት ቤት የሚለቀመው የሾርትከት ቫይረስ አለ፣ እውነተኛውን ፎልደር ሀይድ ያደርግና በሱ ስም ሾርትከት ያስቀምጣል። እናንተ የምታዩት ፎልደር የሚመስል ነገር ፎልደር አይደለም፣ ኮፒ ያደረጋችሁትም ሾርትከቱን ብቻ ሊሆን ይችላል። አይከኑ ጥግ ላይ ትንሽ የታጠፈች ቀስት ካያችሁ እሱ ነው። መጀመሪያ በአንቲቫይረስ አጽዱት፣ ከዛ የዊንዶውስ ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቱና ፍላሹ ኤፍ ከሆነ እንዲህ በሉ፦

አትሪብ -ኤች -አር -ኤስ /ኤስ /ዲ ኤፍ:\*.*

የተደበቁት ይወጣሉ፣ ከዛ እውነተኛዎቹን ኮፒ አድርጉ።

ዚፕ ከሆነ ደሞ ስትፈቱት ብዙ ጊዜ አንዱ ፎልደር ውስጥ ያው ስም ያለው ሌላ ፎልደር ይፈጠራል፣ ስቶክ ውስጥ ስቶክ። ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ እስከ መጨረሻው ግቡና የኤግዚ ፋይሉ፣ ማለት ፕሮግራሙን የሚያስነሳው ፋይል፣ በትክክል የት እንዳለ በአይናችሁ እዩ። እግረ መንገዳችሁን ቪው የሚለው ውስጥ ገብታችሁ የፋይል ኤክስቴንሽን፣ ማለት ከስሙ መጨረሻ ከነጥብ በኋላ ያለው፣ እንዲታይ አድርጉ፣ በኋላ በጣም ይጠቅማችኋል።

ማውንት ማድረግ

ዶስቦክስን ስትከፍቱት ዜድ:\> የሚል ጥቁር ስክሪን ይመጣል። ዜድ የዶስቦክስ የራሱ የውስጥ ድራይቭ ነው፣ ኮምፒውተራችሁ ላይ የለም፣ የናንተ ፋይል እዛ ውስጥ የለም፣ እዛ ላይ ሆናችሁ የፕሮግራማችሁን ስም ብትጽፉ «ኢሊጋል ኮማንድ» ነው የሚላችሁ። አሁን የምታደርጉት የውጪውን አድራሻ ከውስጡ ጋር ማስተዋወቅ ነው፣ እሱን የሚሰራው ማውንት የሚለው ኮማንድ ነው፣ ሲጻፍ ኤም ኦ ዩ ኤን ቲ ነው፦

ማውንት ሲ ዲ:\ዶስ

ይሄን መስመር ቀስ ብላችሁ እዩት። ከማውንት ቀጥሎ ያለችው ሲ የውስጥ አድራሻ ናት፣ ዶስቦክስ ውስጥ የሚኖረው ድራይቭ ስም፣ ከዊንዶውስ ሲ ጋር ምንም አያገናኛትም። ከዛ ስፔስ፣ ከዛ የሚመጣው የውጪ አድራሻ ነው፣ ፋይል ኤክስፕሎረር የሚያውቀው። ከተሳካ «ድራይቭ ሲ ኢዝ ማውንትድ አዝ ሎካል ዳይሬክተሪ» ብሎ የውጪውን ፓዝ አብሮ ይጽፍላችኋል፣ እሱን ሳታነቡ አትለፉት። ከዛ ሲ እና ሁለት ነጥብ ብቻ ጻፉ፦

ሲ:

ኢንተር። ፕሮምፕቱ ወደ ሲ:\> ይቀየራል። ቀጥሎ ዲር ብላችሁ ኢንተር በሉ። የፕሮግራም ፎልደሮቻችሁ ተዘርዝረው ከታዩ ስራው እየሄደ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲዲ የሚለውን ኮማንድ ተጠቅሞ ከዜድ ወደ ሲ ለመሄድ ይሞክራል። ሲዲ ፎልደር ይቀይራል እንጂ ድራይቭ አይቀይርም። ድራይቭ የሚቀየረው ፊደሏንና ሁለት ነጥቧን ብቻ በመጻፍ ነው፣ ፎልደር ውስጥ የሚገባው ከዛ በኋላ ነው።

የውጪው ፓዝ ውስጥ ስፔስ ካለ ሙሉውን ፓዝ በዚህ "" ምልክት ክበቡት፣ ካልከበባችሁት ዶስቦክስ ስፔሱ ጋ ሲደርስ ፓዙ ያለቀ ይመስለዋል፣ ከሱ በፊት ያለውን ብቻ ይዞ ይሄዳል። የዊንዶውስን ሲ:\ እንዳለ ሙሉውን ማውንት ማድረግ ደሞ ይሰራል ግን አታድርጉት፣ ዶስቦክስ ራሱ አይመከርም ብሎ ያስጠነቅቃችኋል። ማውንት የተደረገ ፎልደር ውስጥ የሚጠፋ ፋይል የምር ነው የሚጠፋው፣ የድሮ ፕሮግራም በስህተት የሚነካው ነገር ቢኖር የሚነካው የናንተን እውነተኛ ፋይል ነው። ለዚሁ ብላችሁ ዋናው ዳታ ያለበትን ፎልደር ከመጀመራችሁ በፊት ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ በተለይ የሂሳብ ከሆነ።

ኪቦርዱ እምቢ ካለ

ሁለት ነጥቧ ወይም ባክስላሿ አልጻፍ ካለቻችሁ ፓዙ አይደለም ችግሩ። መጀመሪያ የአማርኛ ኪቦርድ በርቶ እንደሆነ እዩ፣ በርቶ ከሆነ ወደ እንግሊዝኛ መልሱትና ዶስቦክስን ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱት። አሁንም ካልሆነ ኦልትን ተጭናችሁ በቀኝ በኩል ባሉት የቁጥር ቁልፎች 58 በሉ፣ ሁለት ነጥብ ይጽፍላችኋል፣ 92 ደሞ ባክስላሽ ነው። በባክስላሽ ፋንታ ተራውን / ብትጠቀሙም ብዙ ቦታ ይቀበላል። ተራው ዶስቦክስ 0.74 ፔስት አይቀበልም፣ ስለዚ ረጅም ፓዝ እየጻፋችሁ አትልፉ፣ ትንሽ ቆይቼ የማሳያችሁ የኮንፊግ (የሴቲንግ) ፋይል ላይ ፔስት ታደርጉታላችሁ።

መልእክቱ ምን እያለ ነው?

ስህተት ሲመጣ ሰው ቶሎ ደንግጦ ይዘጋዋል፣ ግን ዶስቦክስ የሚጽፈው ነገር በጣም ግልጽ ነው፣ አንብቡት።

«ዳይሬክተሪ … ደዝንት ኤግዚስት» ካለ የሚያወራው ስለ ውጪው አድራሻ ነው። የጻፋችሁት ፓዝ ዊንዶውስ ላይ የለም ማለት ነው፣ ወይ ፊደል ተሳስቷል ወይ ስፔስ አለ ወይ ዋንድራይቭ መሀል ገብቷል ወይ የአማርኛ ስም አለበት። የማጣሪያው መንገድ፦ ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ ፎልደሩ ውስጥ ግቡ፣ ከላይ ያለውን አድራሻ ባዶው ቦታ ላይ ክሊክ አድርጉ፣ ሙሉው ፓዝ ይወጣል፣ እናንተ ከጻፋችሁት ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ።

«ኢዝንት ኤ ዳይሬክተሪ» ካለ ደሞ አድራሻው አለ ግን ፎልደር አይደለም፣ ፋይል ነው። ማውንት ስታደርጉ የኤግዚውን ስም ጨምራችሁ ጽፋችኋል፣ ስሙን አጥፉትና በፎልደሩ ብቻ ሞክሩ።

«ድራይቭ ሲ ደዝ ኖት ኤግዚስት፣ ዩ መስት ማውንት ኢት ፈርስት» የሚለው ገና ማውንት አላደረጋችሁም ወይ ማውንቱ አልተሳካም ማለት ነው። ዶስቦክስን ዘግታችሁ ስትከፍቱት ማውንቱ ይጠፋል፣ በእጅ የሰራችሁት ነገር አይቀመጥም።

«ኦልሬዲ ማውንትድ» ሲል ሲ ተይዛለች፣ ምናልባት ሌላ ፎልደር ላይ። ማውንት -ዩ ሲ ብላችሁ አስለቅቋትና እንደገና ማውንት አድርጉ።

«አንኤብል ቱ ቼንጅ ቱ» ግን የውስጥ አድራሻ ነው፣ ዊንዶውስን ተዉት። ዲር በሉ፣ የምትፈልጉት ፎልደር እዛ ዝርዝር ውስጥ በምን ስም እንዳለ እዩ፣ በዛው ስም ግቡ።

ስሙ ለምን ተቆረጠ?

ዶስ የፋይል ስም የሚቀበለው ስምንት ፊደል፣ ነጥብ፣ ሶስት ፊደል ብቻ ነው። እናንተ ዊንዶውስ ላይ ረጅም ስም ሰጥታችሁት ከሆነ ዶስቦክስ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ፊደሎች ይወስድና ~1 ብሎ ይጨርሰዋል። ተመሳሳይ አጀማመር ያላቸው ሁለት ፎልደሮች ካሉ አንዱ ~1 አንዱ ~2 ይሆናል። ይሄን ቁጥር ዶስቦክስ ራሱ ነው የሚሰጠው፣ ዊንዶውስ ከሚሰጠው ጋር ላይገጥም ይችላል፣ አዲስ ፎልደር ስትጨምሩም ሊቀያየር ይችላል። ስለዚ ዛሬ ~1 ብላችሁ የሰራችሁት ባች ፋይል (ኮማንዶች ተደርድረው የተጻፉበት ፋይል) ነገ ሌላ ፎልደር ውስጥ ሊገባባችሁ ይችላል። በቃ ስሙን ከስምንት ፊደል በታች አድርጉት፣ ሬኔም ማድረግ ነው፣ አለቀ። ግን ፕሮግራሙ ራሱ ኢንስቶል ሲደረግ የፈጠራቸውን የውስጥ ፎልደሮች ሬኔም አታድርጉ፣ እነሱን በስማቸው ነው የሚፈልጋቸው።

ዋናው ችግር፦ ፕሮግራሙ የሚያስታውሰው ፓዝ

እስካሁን ያለው ቀላሉ ነው። ሰው በጣም የሚንገላታው ፕሮግራሙ ተከፍቶ ካለቀ በኋላ «ዳታ ፋይሉ የለም» ሲል ነው፣ ምክንያቱም ማውንቱ ሰርቷል፣ ዲር ሁሉን ያሳያል፣ የተበላሸ ነገር አይታይም። ጉዳዩ የድሮ ፕሮግራሞች ኢንስቶል ሲደረጉ የገቡበትን ፎልደር ጽፈው ይይዙታል። ያኔ ሲ:\ስቶክ ላይ ከነበረ ዛሬም ሲ:\ስቶክ ብሎ ነው የሚፈልገው። እናንተ ማውንት ያደረጋችሁበት ከፍታ ያኔ ከነበረው ጋር ካልገጠመ አያገኘውም።

ተርቦ ሲ ፕላስ ፕላስን እንይ፣ ከሁሉም በላይ ተማሪ የሚቸገርበት እሱ ነው። ተማሪው ፎልደሩን ዲ:\ዶስ\ቲሲ ላይ አስቀመጠ። ቢን የሚለው ውስጥ ገብቶ ቲሲ የሚለውን ኤግዚ ጎትቶ ዶስቦክስ አይከን ላይ ጣለው። ዶስቦክስ እንዲህ ተጎትቶ ሲጣልበት ፋይሉ ያለበትን ፎልደር ብቻ ነው ሲ አድርጎ ማውንት የሚያደርገው፣ ስለዚ አሁን ሲ:\ ማለት ቢን ማለት ነው። ሰማያዊው ስክሪን በደንብ ይከፈታል፣ ኮዱን ይጽፋል፣ ኮምፓይል ሲለው «አንኤብል ቱ ኦፕን ኢንክሉድ ፋይል» ይልና የኤስቲዲአይኦን ስም ይጠራል። ተማሪው ኮዱ ላይ ስህተት ሲፈልግ ያመሻል፣ ኮዱ ግን ንጹህ ነው። ተርቦ ሲ ሄደር ፋይሎቹን የሚፈልገው ሲ:\ቲሲ\ኢንክሉድ ላይ ነው፣ ሲ ደሞ አሁን ቢን ስለሆነች ከስሯ ቲሲ የሚባል ፎልደር የለም፣ ኢንክሉድ ያለው ከሷ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ነው፣ ዶስቦክስ ደሞ ከማውንቱ በላይ ወደ ላይ አይወጣም።

መፍትሄው ጎትቶ መጣሉን መተው ነው። ማውንት ሲ ዲ:\ዶስ ብላችሁ ከቲሲ ፎልደር አንድ ደረጃ ከፍ ብላችሁ ማውንት አድርጉ፣ ሲ: በሉ፣ ሲዲ ቲሲ\ቢን ብላችሁ ግቡና ቲሲ በሉ። አሁን ሲ:\ቲሲ\ኢንክሉድ በእውነት አለ። ፎልደራችሁ ሌላ ስም ከያዘ፣ ለምሳሌ ከኢንተርኔት የሚወርደው ብዙ ጊዜ ተርቦሲ3 በሚል ስም ነው፣ ኦፕሽንስ ከሚለው ሜኑ ዳይሬክተሪስ ውስጥ ግቡና ኢንክሉድ የሚለው ሳጥን ላይ ሲ:\ተርቦሲ3\ኢንክሉድ፣ ላይብረሪ የሚለው ላይ ሲ:\ተርቦሲ3\ሊብ አድርጉ፣ ሴቭ አድርጋችሁ ውጡ። ኢንክሉዱን ብቻ አስተካክላችሁ ሊቡን ከረሳችሁት ኮምፓይሉ ያልፍና ሊንከሩ ላይ ሲ ዜሮ ኤስ የሚባል የኦብጀክት ፋይል አጣሁ ይላችኋል፣ እሱም ያው የፓዝ ነገር ነው። እዚህ ሳጥኖች ላይ የሚጻፈው ሁሌ የውስጥ አድራሻ ነው፣ ዲ:\ዶስ ብላችሁ የውጪውን ብትጽፉ አያውቀውም።

ሲዲኤስ አይሲስም ያው ነው። ዩኔስኮ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለላይብረሪዎች በነጻ ያሰራጨው ፕሮግራም ነው፣ ካታሎግ ላይ የሰራ ሰው ያውቀዋል። ፓዞቹን ሲስፓር በሚል ስም የፓር ኤክስቴንሽን ያለው ፋይል ውስጥ ነው የሚይዘው፣ ተራ ቴክስት ነው፣ በኖትፓድ ይከፈታል። እያንዳንዱ መስመር በቁጥር ይጀምርና እኩል ይሆናል ከዛ ፓዝ ይላል፣ 5 ቁጥር ዳታቤዙ ያለበት ነው። እዛ ላይ ሲ:\አይሲስ\ዳታ\ የሚል ካለ እናንተም ማውንት ስታደርጉ አይሲስ የሚለው ፎልደር ከሲ ስር በቀጥታ እንዲሆን አድርጉ። ፋይሉን መቀየር ካለባችሁም መጨረሻ ላይ ያለችዋን ባክስላሽ አትጣሏት። ማውንቱን ከፋይሉ ጋር ማስማማት ይሻላል ባይ ነኝ፣ ፋይሉን መነካካት ሳይሆን፣ ምክንያቱም ፓዙ ሌላ ቦታም ተጽፎ ሊሆን ይችላል፣ እያንዳንዱ ዳታቤዝ የራሱ የፓር ፋይል ሊኖረው ይችላል።

ለፎክስፕሮ ደሞ ኮንፊግ በሚል ስም ኤፍፒ ኤክስቴንሽን ያለውን ፋይል እዩ፣ ከዛ ባለሙያው የጻፈው ኮድ ውስጥ ሴት ዲፎልት ቱ እና ሴት ፓዝ ቱ የሚሉትን መስመሮች ፈልጉ። ኮዱ ኮምፓይል ተደርጎ ኦሪጅናሉ ከጠፋ፣ ማለት ሰሪው ሰውዬም የት እንዳለ ካልታወቀ፣ አትጨነቁ፣ ፓዙ ብዙ ጊዜ ውስጡ እንደ ቴክስት ተቀምጦ ይገኛል። የዊንዶውስ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ ፎልደሩ ውስጥ ግቡና የምትጠረጥሩትን የድሮ ፎልደር ስም እንዲህ ፈልጉ፦

ፋይንድስትር /ኤስ /አይ /ኤም ስቶክ *.*

ስሙ የተጻፈባቸውን ፋይሎች ይዘረዝርላችኋል። እነሱን በኖትፓድ ከፍታችሁ እዩ፣ አብዛኛው የማይነበብ ነገር ነው፣ መሀል ላይ ግን ፓዙ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አይታችሁ ብቻ ዝጉት፣ የፕሮግራም ፋይልን ኖትፓድ ላይ ሴቭ ካደረጋችሁት ይበላሻል። ፕሮግራሙ የሚፈልገው ዲ ወይም ኤፍ ድራይቭ ከሆነ፣ ድሮ ሰርቨር ላይ ስለነበረ ማለት ነው፣ ዳታ ያለበትን ፎልደር በዛው ፊደል ለብቻው ማውንት አድርጉለት፣ ማውንት ኤፍ ዲ:\ዶስ\ዳታ እንደማለት፣ ሁለትም ሶስትም ድራይቭ ባንዴ ማውንት ይደረጋል።

በሲዲ የመጣ ፕሮግራም

አንዳንዱ ሲዲው ከሌለ አይከፈትም። የሲዲ ፎልደር ኮፒ ካላችሁ ማውንት ዲ፣ ከዛ ፓዙ፣ ከዛ -ቲ ሲዲሮም በሉ፣ ተራ ፎልደር ሆኖ ሳይሆን ሲዲ ሆኖ ይታየዋል። አይኤስኦ ፋይል፣ ማለት ሲዲው በሙሉ በአንድ ፋይል የተቀዳበት፣ ከሆነ ማውንት ሳይሆን ኢምግማውንት ነው ኮማንዱ፣ እዚህ ላይ የፋይሉ ስም ከነኤክስቴንሽኑ ይገባል፣ መጨረሻው ላይ -ቲ አይኤስኦ። ሲዲው የተቀዳው በኪው እና በቢን ፋይል ጥንድ ከሆነ ኪው የሚለውን ነው የምትሰጡት። ኪው ፋይል ውስጥ የቢኑ ስም ተጽፏል፣ ቢኑን ሬኔም ካደረጋችሁት ኪውውን በኖትፓድ ከፍታችሁ እዛም ቀይሩት።

ዘላቂ ማድረግ

በእጅ ከሰራላችሁ በኋላ ኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ ጻፉት። ከስታርት ሜኑ ዶስቦክስ ኦፕሽንስ የሚለውን ስትከፍቱት ኖትፓድ ላይ ይከፈታል፣ እስከ መጨረሻው ውረዱ፣ ኦቶኤግዜክ የሚል በቅንፍ የተቀመጠ ርእስ አለ፣ ከሱ ስር፦

ማውንት ሲ ዲ:\ዶስ
ሲ:
ሲዲ ቲሲ\ቢን
ቲሲ

ሴቭ። ከዚህ በኋላ ዶስቦክስን ዳብል ክሊክ ማድረግ ብቻ ነው። ምንም ለውጥ ካላያችሁ ሌላ ኮንፊግ ፋይል እያነበበ ነው ማለት ነው። ዋናው ያለው ዩዘር ፎልደራችሁ ውስጥ አፕዳታ፣ ሎካል፣ ዶስቦክስ ውስጥ ነው፣ ከሌላ ሰው ወስዳችሁ ፕሮግራሙ ጎን ያስቀመጣችሁት ኮንፊግ በራሱ ላይነበብ ይችላል፣ ሾርትከቱ ላይ -ኮንፍ ብላችሁ ፓዙን ካልሰጣችሁት በቀር። ራሳችሁ የፈጠራችሁት ፋይል ከሆነ ደሞ ስሙ መጨረሻ ላይ ቲኤክስቲ ተደብቆ እንዳልቀረ እዩ፣ ቅድም ኤክስቴንሽን ይታይ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ዶስቦክስ ክፍት እያለ በዊንዶውስ በኩል ፋይል ጨምራችሁ ዲር ላይ ካልታየ ኮንትሮልና ኤፍ 4 አንድ ላይ ተጫኑ፣ የፎልደሩን ዝርዝር እንደ አዲስ ያነበዋል።

ሊኑክስ ላይ የምትሰሩ ደሞ የውጪው ፓዝ ላይ ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያያል፣ ዶስ በትልቅና ዶስ በትንሽ ሁለት የተለያየ ፎልደር ነው፣ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ግን ለውጥ የለውም።

ለቢሮ ስራ በየቀኑ የምትጠቀሙበት ከሆነ ዶስቦክስ በዋናነት ለጌም እንደተሰራ እወቁ። ረጅም የፋይል ስምና ፕሪንተር የሚያስፈልጋችሁ ሰዎች ዶስቦክስ ኤክስ የሚባለውን ሌላውን የዶስቦክስ ቨርዥን ሞክሩ፣ እስካሁን ያልኳችሁ የማውንት ነገር እዛም ያው ነው።

ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ ካልሰራና ሰው መጠየቅ ካለባችሁ «አልሰራም» ብቻ ብላችሁ አትላኩ፣ ማንም ሊረዳችሁ አይችልም። ዶስቦክስ ውስጥ ማውንት ብላችሁ ብቻዋን ጻፉና ኢንተር በሉ፣ የትኛው ድራይቭ ወደ የትኛው የውጪ ፎልደር እንደሚሄድ ይዘረዝርላችኋል፣ እሱን ስክሪንሾት አንሱ። ቀጥሎ ሲ: ብላችሁ ዲር ያሳያችሁን፣ ከዛ ፕሮግራሙ የጻፈውን የስህተት መልእክት ቃል በቃል፣ እና ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ ኤግዚው ያለበትን ሙሉ ፓዝ አብራችሁ ላኩ።